ሞት ያንሰዋል

ባለፈው ሳምንት ከሥራ ወጥቼ ጅማ ውስጥ ፈረንጅ አራዳ ካለ አንድ ሻይ ቤት ጎራ ባልኩበት ምሽት፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን ስለ አንዲት ሕፃን መገደል ዜና ያሰማ ነበር። ዜናው ሳያልቅ ከጎኔ የተቀመጡ ሽማግሌ «ሞት ያንሰዋል» አሉ። ከወዲያኛው ጠረጴዛ አንድ ወጣት «አደባባይ አውጥቶ መስቀል ነበር» ሲል አከለበት። ሻይ ቀጂዋ ብርጭቆዎቹን እንደያዘች ቆማ ራሷን ነቀነቀች። እውነቱን ለመናገር እኔም ነቀነቅሁ፤ የልጅ አባት ነኝ፣ እንዲህ ያለ ወሬ ሰምቶ ደሙ የማይፈላ ሰው ካለ እኔ አላውቀውም።

የአዌቱን ድልድይ ተሻግሬ ወደ ቤቴ ስሄድ ግን ያ አነጋገር አልለቀቀኝም። የምተዳደረው በፍርድ ቤት አስተርጓሚነት ነው። የኦሮሚያ ክልል ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ በመሆኑ፣ አማርኛ ብቻ የሚናገር ተከሳሽ ወይም ምስክር ሲቀርብ ቃሉን የማሻግረው እኔ ነኝ፤ ስለዚህም ሰው የተናገረውን ሁሉ «ይህን ብተረጉመው ምን እል ነበር?» እያልኩ ማገላበጥ የቆየ አመሌ ነው። «ሞት ያንሰዋል» ቃል በቃል ከተወሰደ ከሞት የሚብስ ቅጣት ይፈለግለት ማለት ይሆናል። ይህን የሚል ሰው ግን ቅጣት እያዘዘ አይደለም፤ የተፈጸመው በደል በምንም ቅጣት የማይለካ መሆኑን እየመሰከረ ነው። ምስክርነቱም እውነት ነው። ነገሩ የሚበላሸው ምስክርነቱን ወደ ትእዛዝ የቀየርነው ዕለት ነው።

ይህን የምለው ከሕፃንነቴ ጀምሮ የሞት ቅጣትን ስቃወም ስለኖርኩ አይደለም። ወደዚህ ሥራ ስገባ «የገደለ ይገደል» ከሚሉት አንዱ ነበርኩ፤ ሐሳቤን ያናጋው መጽሐፍ ወይም ስብከት ሳይሆን አንድ ዓርብ፣ እኔው ራሴ የሠራሁት ስሕተት ነው።

ከሰባት ዓመት በፊት በጅማ ዙሪያ ካሉ ፍርድ ቤቶች በአንዱ፣ ለቡና ለቀማ ከሰሜን የመጣ አንድ ወጣት የቀን ሠራተኛ በሰው ግድያ ተከሶ ቀረበ። በእሸት ቡና ማጠቢያ ግቢ ውስጥ፣ ማታ፣ ስንት ቅርጫት እንደለቀሙና ክፍያውን እንዴት እንደሚካፈሉ ከጓደኛው ጋር ተጣልተው፣ ጓደኛው ወድቆ ጭንቅላቱ የማጠቢያውን ቦይ የሲሚንቶ ጠርዝ መታና በማግስቱ ሞተ። ዐቃቤ ሕግ ግን ተከሳሹ ቂም ይዞና አድብቶ ነው የገደለው በማለት ክሱን በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 539 ላይ መሠረተ፤ ይህ አንቀጽ የሚያስቀጣው ዕድሜ ልክ እስራት ወይም ሞት ነው።

ዕለቱ ዓርብ ስለነበር ችሎቱ ለጁምዓ ሰላት አምስት ሰዓት ተኩል ላይ መነሣት ነበረበት፤ ለዚያ የቀረው አሥር ደቂቃ ያህል ነበር። ልጁ ቃሉን ሲሰጥ «ተናድጄ ገፈተርኩት፤ ደፋሁት» አለ። እኔም ሳላመነታ «አጄሴ» ብዬ ተረጎምኩ፤ ገደልኩት ማለት ነው። አማርኛ የሚያውቅ ሰው ጉዱን ወዲያው ያየዋል። ውኃ ይደፋል፣ እንስራ ይደፋል፣ ሰውም ተገፍቶ በግንባሩ ይደፋል፤ በመንደር አነጋገር ግን «ደፋው» ማለት ገደለው ማለት ነው። ልጁ የትኛውን ማለቱ እንደሆነ መጠየቅ ሲገባኝ፣ ሰዓቱ እየሄደብኝ ስለነበር የቀረበልኝን አነሣሁ።

የመሐል ዳኛው ራሳቸው አማርኛ ያውቃሉና ዓይናቸውን ከመዝገቡ ላይ አነሡ። ይሁን እንጂ መዝገብ ላይ የሚሰፍረው ዳኛው በጆሯቸው የሰሙት ሳይሆን አስተርጓሚው ያለው ነው። ተከላካይ ጠበቃው እጁን አወጣ። ዳኛው ልጁን «ደፋሁት ስትል ምን ማለትህ ነው?» ብለው እንድጠይቀው አዘዙኝ። ልጁ ቃል አልጨመረም፤ ሁለት እጆቹን ወደፊት ገፋ አደረገና መዳፎቹን ወደ መሬት ገለበጣቸው። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ የተረጎምኩትን ቃል ላርም» አልኩና «ኩፊሴ» አልኩ፤ ጣልኩት ማለት ነው። ጸሐፊዋ የመጀመሪያውን ሰርዛ ሁለተኛውን ጻፈች። ልጁ በመጨረሻ ጥፋተኛ የተባለው በአንቀጽ 540፣ ማለትም በተራ የሰው ግድያ ሆኖ 11 ዓመት ተፈረደበት።

አንዲት ቃሌ ብቻዋን ሰው ልታስገድል ነበር ብዬ ለመኩራራት አይደለም። አምስት ምስክሮች ነበሩ፣ የሐኪም ማስረጃ ነበረ፣ ሦስት ዳኞች ነበሩ፣ ከዚያም በላይ ይግባኝ አለ። ነገር ግን መዝገብ የሚባለው ነገር ሌላ ምንም ሳይሆን የእንዲህ ያሉ ቃላት ክምር ነው፤ ከፖሊስ ጣቢያ ጀምሮ አንዱ የሰማውን ሌላው እየጻፈ፣ አንዱ የጻፈውን ሌላው እየተረጎመ የሚመጣ ነው። እኔ ያን ቀን ላርም የማለት ዕድል ያገኘሁት ጠበቃው ንቁ ስለነበረ፣ ዳኛውም አማርኛ ስለሚያውቁ ነው። ተከሳሹ ሌላ ቋንቋ ተናጋሪ ሆኖ እዚያ ክፍል ውስጥ ከአስተርጓሚው በቀር ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ባይኖርስ?

በአሜሪካ ከ1973 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሞት ተፈርዶባቸው ከቆዩ በኋላ ነጻ የወጡ ሰዎች ከ190 ይበልጣሉ፤ ያች አገር ደግሞ የዘረመል ምርመራም፣ ደረጃው ብዙ የሆነ ይግባኝም፣ ለዓመታት አንድ መዝገብ የሚያገላብጡ ጠበቆችም ያሏት አገር ናት። የእኛን ታሪክ ካነሣን ደጃዝማች በላይ ዘለቀ በጥር 1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ተሰቀለ፤ ዛሬ በስሙ መንገድና ትምህርት ቤት አለ፣ የለቅሶው ግጥም ግን አሁንም ይንቆረቆራል። ስሙን መልሰን ልናከብር ችለናል፤ ሰውየውን ለመመለስ ግን መንገድ አልነበረንም። (ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ የረሸናቸውን ስድሳ ሰዎች እዚህ ላይ አላነሣም፤ እነርሱ ፍርድ ቤት አልቀረቡምና ነገሩ ቅጣት ሊባል አይችልም።)

ወደ ሕጉ ስመጣ፣ በሥራ ላይ ያለው የ1996ቱ የወንጀል ሕግ የሞት ቅጣትን አብዝቶ የሚወደው አይመስልም። አንቀጽ 117ን በጥሞና ያነበበ ሰው በሩን በከፈተ እጁ ሊዘጋው የሚታገል ሕግ አውጪ ያያል። ወንጀሉ እጅግ ከባድ፣ ወንጀለኛው ልዩ አደገኛ መሆን አለበት፤ ወንጀሉ ሙከራ ላይ የቀረ ሳይሆን የተፈጸመ መሆን አለበት፤ ቅጣት ማቅለያ ምክንያት መኖር የለበትም፤ አጥፊው ወንጀሉን ሲፈጽም 18 ዓመት የሞላው መሆን አለበት፤ ይህ ሁሉ ተሟልቶም ርእሰ ብሔሩ ካላጸደቀው አይፈጸምም። ያ የሻይ ቤቱ ወጣት የተመኘውን ደግሞ ሕጉ በግልጽ ከልክሎታል፤ በአደባባይም ሆነ በስቅላት መግደል አይቻልም። ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ በመጋቢት 1953 ዓ.ም. ተክለ ሃይማኖት አደባባይ ላይ እንደተሰቀሉት ያለ ነገር በዚህ ሕግ የለም፤ ቅጣቱ በማረሚያ ቤት ቅጥር ውስጥ፣ ሰብአዊ በሆነ ዘዴ ይፈጸም ይላል። ሰብአዊ አገዳደል የሚለውን ሐረግ ተርጉም ብባል ምን እንደምል እስከ ዛሬ አላውቅም።

ከሁሉ የሚከፋብኝ ግን ይህ አይደለም። ሞት ተፈርዶበት የተገደለ የመጨረሻው ሰው፣ የደኅንነት ሹም የነበሩትን አቶ ክንፈ ገብረ መድኅንን በ1993 ዓ.ም. የገደለው የጦር መኮንን ሲሆን፣ ፍርዱ የተፈጸመበት በ1999 ዓ.ም. ክረምት ነው። ከዚያ ወዲህ ፍርድ ቤቶች ሞት መፍረዳቸውን አላቆሙም፤ መንግሥት ግን አልፈጸመውም፣ አልሻረውምም። ይህን «ጥንቃቄ» ብለው የሚያደንቁ ሰዎች አሉ። እኔ ግን የማውቃቸውን አንዲት እናት ሳስብ ጥንቃቄ የሚለው ቃል ከአፌ አይወጣም።

በእኛ ሰፈር፣ ከወንዙ ወዲህ ማዶ፣ እማማ የምላቸው አዛውንት አሉ። ልጃቸው ከተገደለ 14 ዓመት ሆነው። ገዳዩ ሞት ተፈረደበት፤ ይግባኙም ተሰምቶ ፍርዱ ጸና። እማማ ፍርድ ቤት እንደምሠራ ስለሚያውቁ በልጃቸው ሙት ዓመት ዝክር በሄድኩ ቁጥር እጄን ይዘው «ልጄ፣ እንዴት ሆነ? ተፈጸመ?» ይሉኝ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሲጠይቁኝ ዓይናቸው እሳት ነበረው፤ በኋላ በኋላ እንደ ዘገየ የጡረታ ገንዘብ ይጠይቁኝ ጀመር። በአሥረኛው ዓመት ግን ጥያቄው ተለወጠ። «ካልገደሉት፣ ይገደላል ብለው ለምን ነገሩኝ? እርሜን እንዳላወጣ ነው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ዕድሜ ልክ እስራት ቢፈረድበት ኖሮ እኚህ ሴት በዚያው ዓመት የተፈረደውን ያውቁት፣ ያለቅሱለትና ይቀመጡ ነበር፤ እኛ ግን ሞትን ቃል ገባንላቸውና በደጃፍ አስቀመጥናቸው።

የሞት ቅጣትን የሚደግፉ ብዙዎች የሚጠሩት ባህልንና ሃይማኖትን ነው። የ1949ኙን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ያረቀቁት ስዊዘርላንዳዊው የሕግ ሊቅ ዣን ግራቨን እንኳ፣ የገዛ አገራቸው የወንጀል ሕግ ከ1942 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሰላም ጊዜ የሞት ቅጣትን አስቀርቶ ሳለ፣ ለእኛ ሲሆን የሕዝቡን የፍትሕ ስሜት አይተው አቆይተውታል። ሕዝቡ ደም በደም ይካስ ይላል ማለት ነው። ይላል፤ ግን ይህን ብቻ አይልም፤ የቀረውን ግማሽ የጠየቀው ሰው የለም።

በፍትሐ ነገሥት ሥርዓት ነፍሰ ገዳይ ከተፈረደበት በኋላ ለሟች ዘመዶች ይሰጥ ነበር፤ ደመኛው ሊገድል ይችላል፣ የደም ዋጋ ተቀብሎ ሊለቅ ይችላል፣ ስለ እግዚአብሔር ብሎ ሊምርም ይችላል። ቁርኣን በአል-በቀራ ምዕራፍ፣ 178ኛው አንቀጽ ላይ ቂሳስን፣ ማለትም ተመጣጣኝ የአጸፋ ቅጣትን፣ ደንግጎ እዚያው ሳይርቅ ከወንድሙ ይቅር የተባለ ሰው ካሳውን በመልካም ይክፈል ይላል፤ ይህን ማቃለልም ከጌታ የሆነ እዝነት ይለዋል። እዚህ እኛው ዘንድ በኦሮሞ ጉማ ሥርዓት ሽማግሌዎች መሐል ገብተው ካሳ ተቆርጦ ደም ይደርቃል፤ የዚያ ሁሉ ድካም ግብ ሁለት ቤተሰብ በአንድ ገበያ መዋል እንዲችል ማድረግ ነው። እንግዲህ በሦስቱም ዘንድ ሰይፍ አለ፣ ከሰይፉ አጠገብ ግን በር አለ፤ የበሩ ቁልፍም ያለው በተበደለው እጅ ነው። ዘመናዊው ሕግ ቁልፉን ከእማማ እጅ ወስዶ ለርእሰ ብሔሩ ሰጠው። ሰይፉን ግን እንዳለ አስቀረው። ስለዚህ «ባህላችን ነው» ብሎ የሞት ቅጣትን የሚከላከል ሰው የሚከላከለው የባህሉን ግማሽ ነው፤ ያውም የማይሻለውን ግማሽ።

ቁልፉ ወደ ቤተሰብ ይመለስ እያልኩ አይደለም። ሀብታም ከፍሎ የሚድንበት፣ ድሃ የሚሞትበት፣ የበረታ ጎሣ ያለው የሚያስፈራራበት፣ ሴቶች የማይጠየቁበት ሥርዓት እንደነበረም አውቃለሁ። መንግሥት ጉዳዩን መውሰዱ ተገቢ ነው። ከወሰደ ግን ማስተካከል የማይችለውን ነገር በሌሎች ስም ማድረግ የለበትም ነው የምለው።

ቅጣቱ ሌላውን አስፈርቶ ከግድያ ይመልሳል ስለሚለው ክርክር ብዙ አልልም። ማታ በማጠቢያ ግቢ ውስጥ በቅርጫት ብዛት የተጣላ ሰው አንቀጽ 539ን አስቦ እጁን አይሰበስብም። ካናዳ በ1976 እ.ኤ.አ. የሞት ቅጣትን ስታስቀር ግድያ አልጨመረም፤ በቀጣዮቹ ዓመታት እንዲያውም ቀነሰ። የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤትም በ2012 እ.ኤ.አ. በጉዳዩ ላይ የተሠሩትን ጥናቶች መርምሮ ቅጣቱ ግድያን ይቀንሳል ወይም አይቀንስም ለማለት አያበቁም ብሏል።

ይልቅ ከባድ የምለው ክርክር ሌላ ነው፤ ይኸውም ገዳይ ስለ ሌሎች ጥቅም ሳይሆን ስለ ሥራው ብቻ የሚገባውን ይቀበል የሚለው ነው። ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት፣ በደሴት የሚኖር ሕዝብ ተበትኖ ለመሄድ ቢስማማ እንኳ ከመሄዱ በፊት በወህኒ የቀረውን የመጨረሻ ነፍሰ ገዳይ መግደል አለበት ብሎ ነበር። ክርክሩ ጨካኝ ይመስላል እንጂ ገዳዩን እንደ ሰው፣ ለሥራው ኃላፊ እንደሆነ ሰው አድርጎ ስለሚቆጥር እኔ በቀላሉ አልጥለውም። ነገር ግን በካንት ደሴት ላይ አስተርጓሚ የለም፤ ገዳዩ ማን እንደሆነ፣ ምን እንዳደረገና ምን ብሎ እንዳደረገው ሁሉም አስቀድሞ የታወቀ ነው። እኔ እንዲህ ያለ መዝገብ አይቼ አላውቅም።

«እሺ፣ ጥፋቱ ጥርጥር የሌለበት ሲሆንስ?» የሚለኝ አይጠፋም። የደርግ ባለሥልጣናት ጉዳይ ከዚህ ወገን ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 28 በሰው ዘር ላይ የተፈጸመ ወንጀል በይርጋ፣ ማለትም በጊዜ ማለፍ፣ እንዳይታገድ፣ በምሕረት ወይም በይቅርታ እንዳይታለፍ ከደነገገ በኋላ፣ ለዚሁ እጅግ አስከፊ ለሆነው ወንጀል እንኳ ርእሰ ብሔሩ ሞትን ወደ ዕድሜ ልክ እንዲለውጥ በር ትቶለታል። በሩም ተከፍቷል፤ በ2003 ዓ.ም. የሃይማኖት አባቶች ጠይቀው የ23 ሰዎች የሞት ፍርድ ወደ ዕድሜ ልክ ተለወጠ። ከግንቦት 1983 ጀምሮ በጣሊያን ኤምባሲ ተጠልለው የቆዩት ሁለቱ ደግሞ በ2013 ዓ.ም. ፍርዳቸው ተለውጦ በአመክሮ እንዲፈቱ ተወሰነ፤ እነዚህን ሰዎች ጣሊያን ከ29 ዓመት በላይ አሳልፋ ያልሰጠችን የሞት ቅጣት ስላለን ነበር። ቅጣቱ ፍትሕን ሊያጠነክር ቀርቶ ተፈራጆቹን ከእጃችን አውጥቶ አቆየብን። ሩዋንዳ በሚያዝያ 1998 እ.ኤ.አ. በዘር ማጥፋት የተፈረደባቸውን 22 ሰዎች በአደባባይ ረሸነች፤ በ2007 እ.ኤ.አ. ግን የሞት ቅጣትን ሻረች፤ አንዱ ምክንያቷም በውጭ ያሉ ተጠርጣሪዎች ተላልፈው እንዲሰጧት ነው። «ሞት ያንሰዋል» ለማለት ከሩዋንዳ እናቶች የበለጠ መብት ያለው ማን ነው?

እማማ ጋ ልመለስ። ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ከገዳዩ ቤተሰብ ሽማግሌ ተላከባቸው። እናቱ ራሷ አንገቷ ላይ ድንጋይ ተሸክማ መጥታ ደጃፋቸው ላይ ወደቀች። ዝናብ ይዘንብ ነበር። እማማ ከቤት አልወጡም፤ ሽማግሌዎቹም በረንዳው ላይ ተቀምጠው ጠበቁ። ብዙ ቆይተው ወጡና ድንጋዩን በገዛ እጃቸው ከአንገቷ አወረዱት። ከአፋቸው የወጣው «ተነሺ፣ ጭቃ ነው» የሚል ብቻ ነበር።

ከሳምንት በኋላ አስጠሩኝ። «ምሬዋለሁ የምለው ለማን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ይቅርታ የሚጠየቀው በፍርደኛው ወገን እንደሆነ፣ የሚወስኑት ርእሰ ብሔሩ እንደሆኑ፣ የእርሳቸው እርቅ ማመልከቻው ሲመረመር ሊታይ የሚችል አንድ ወረቀት እንደሆነ አስረዳኋቸው። «ወረቀት ከሆነማ ጻፍልኝ» አሉ። ከልጅ ልጃቸው ደብተር ላይ ሉክ ገንጥዬ ጻፍኩና አነበብኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሲሰሙ ቆይተው መሐል ላይ አስቆሙኝ። «ልጄን የገደለው» ብዬ የጻፍኩት ቦታ ላይ ነበር። «እሱን አርመው፤ ስሙን ጻፈው» አሉኝ። ሰርዤ ስሙን ጻፍኩ። እንደገና አስነበቡኝ፤ ከዚያ አውራ ጣታቸውን ከእስክሪብቶዬ በተጨመቀው ቀለም አርሰው ከሥሩ አተሙ፣ ጣታቸውንም በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።